ለጎንደርና ለዙሪያዋ የጋራ ሬዲዮ፦ ፖሊስ፣ እሳት አደጋና አምቡላንስ የቱን ሲስተም ቢይዙ ይሻላል?

ፖሊስ፣ ትራፊክ፣ እሳት አደጋ፣ ቀይ መስቀልና የሆስፒታል አምቡላንስ በአንድ የጋራ ሬዲዮ ይገናኙ የሚለው ነገር በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ "የትኛው ብራንድ ነው የሚሻለው?" የሚል ነው። ብራንድ ግን የመጨረሻው ጥያቄ ነው። መጀመሪያ መመለስ ያለበት የሲስተሙ ዓይነት ነው፣ አናሎግ ይሁን ዲጂታል፣ በራሱ ታወር ይሥራ ወይስ በቴሌ ኔትወርክ፣ ከዛ ደግሞ ማን ያስተዳድረዋል የሚለው። ያሉትን አማራጮች ከጎንደር አቀማመጥ፣ ከመብራታችን፣ ከኔትወርካችንና ከኪሳችን ጋር እያገናዘብኩ ላወዳድራቸው ነው፣ የራሴንም ምርጫ አልደብቅም።

ለቸኮለ ሰው ምርጫዬ ይሄ ነው። ለከተማውና ለዞኖቹ በቪኤችኤፍ የሚሠራ ዲኤምአር ቲየር 3 ይሻላል፣ በስልክ ኔትወርክ የሚሠራው ፑሽ ቱ ቶክ ደጋፊ ይሁን እንጂ ዋና አይሁን፣ ቴትራ ክልሉ ራሱ በጀት ይዞ ካልመጣ በከተማ አቅም አይሞከር፣ ፒ25 ለእኛ አይሆንም። ዲኤምአር፣ ቴትራና ፒ25 ሦስት የዲጂታል ሬዲዮ ስታንዳርዶች ናቸው፣ ቪኤችኤፍ ዝቅ ያለው የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ነው፣ ፑሽ ቱ ቶክ ቁልፍ ተጭኖ ማውራት ነው፣ ሁሉንም ከታች በየተራ እዘረዝራቸዋለሁ። ለምን የሚለው ግን ከመልሱ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ሌላ ወረዳ ወይ ሌላ ከተማ ላይ መልሱ ሊቀየር ይችላል።

ለምን የጋራ?

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ኒውዮርክ ላይ የፖሊስ ሄሊኮፕተሮች ሕንፃው ሊወድቅ እንደሚችል ከላይ ሆነው እያዩ ለራሳቸው ሰዎች በሬዲዮ አስጠንቅቀው ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ሬዲዮ ግን ከፖሊስ ጋር አይገናኝም፣ ማስጠንቀቂያውም እነሱ ጋር አልደረሰም። በዛ ቀን 343 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተዋል። ሁሉም የሞቱት በሬዲዮ ምክንያት ነው ማለት አይደለም፣ ግን ከዛ በኋላ አሜሪካ ውስጥ "እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የየራሱን ይግዛ" የሚለው አሠራር በደንብ ነው የተፈተሸው። ሚሺጋን ከዛ በፊትም ጀምሮ በክልል ደረጃ አንድ ሲስተም እየገነባ ነበር፣ ዛሬ ከ200 በላይ ታወር አለው፣ ትንንሽ ከተሞች የራሳቸውን ታወር ከማቆም ይልቅ እሱ ላይ ይገባሉ። ሚኒሶታም እንደዛው። እዛ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2007 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ትልቁ የመኪና ድልድይ ወንዝ ላይ ተደርምሶ 13 ሰው ሲሞት፣ ፖሊሱም እሳት አደጋውም አምቡላንሱም በጋራ ሲስተም ላይ ስለነበሩ እርስ በርስ መነጋገር ችለዋል።

ወደራሳችን ስንመጣ ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት ጥምቀተ ባህሩ ጋር ሰው የተቀመጠበት የእንጨት መደብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው ሞቷል፣ ብዙ ሰው ተጎድቷል። እንዲህ ያለ ቀን ምን እንደሚያስፈልግ አስቡት። መንገድ የሚያስከፍተው ትራፊክ፣ ሕዝቡን ወደኋላ የሚመልሰው ፖሊስ፣ በየት በር እንደሚገባ ማወቅ ያለበት የአምቡላንስ ሾፌር፣ ስንት ሰው እየመጣ እንደሆነ ቀድሞ መስማት ያለበት የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል፣ እነዚህ ሁሉ በደቂቃ ውስጥ መነጋገር አለባቸው። በዛ ሰዓት ደግሞ ሁሉም ሰው ዘመዱን ለማግኘት ስልኩን አንስቶ ይደውላል፣ ኔትወርኩ ይጨናነቃል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል ከእስራኤል ድረስ እሳት አጥፊዎች መጥተዋል፣ ከኬንያም ሄሊኮፕተር። ከተለያየ ቦታ የመጣ ሰው አንድ ገደል ላይ አብሮ ሲሠራ የጋራ ቻናል ቅንጦት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ግልጽ ይሁን። የጋራ ሲስተም ማለት ሁሉም የሁሉንም ይሰማል ማለት አይደለም። ብዙ የሥራ ኃላፊ "የፖሊስን ነገር አምቡላንስ ሾፌር እንዲሰማ አልፈልግም" ብሎ ነው ገና ከመጀመሩ የሚቃወመው። ጋራ የሚሆነው ታወሩ፣ ሪፒተሩ (የአንዱን ሬዲዮ ሲግናል ተቀብሎ አጠንክሮ የሚያሰራጨው ዕቃ)፣ ባትሪውና የጥገና ቡድኑ ነው። ንግግሩ በግሩፕ የተከፋፈለ ነው፣ ፖሊስ የራሱ ግሩፕ አለው፣ ቀይ መስቀል የራሱ አለው፣ ሲያስፈልግ ብቻ ሁሉም ወደ አንድ የአደጋ ግሩፕ ይገባሉ።

መጀመሪያ ተራራውን እዩ

ሬዲዮ በመሠረቱ የሚተያዩ አንቴናዎች ነገር ነው። ጎንደር ደግሞ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መሀል ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር የምትበልጥ ከተማ ናት፣ ዳገቷና ቁልቁለቷ የሚታወቅ ነው። ጎሃ ኮረብታ ላይ ቆሞ ፒያሳን፣ ግንቡንና አብዛኛውን መሀል ከተማ ማየት ይቻላል፣ ስለዚህ ለሪፒተር ጥሩ ቦታ ይመስላል፣ ነውም። ግን ከዛ ላይ የማይታይ ሸለቆ ሁሉ ሬዲዮም ይደክምበታል። አዘዞና ኤርፖርቱ አካባቢ፣ የአንገረብ ሸለቆ፣ የሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ እነዚህ ቦታዎች ካልተለኩ በስተቀር "ከተማውን በሙሉ ይሸፍናል" የሚል ሻጭ አትመኑ።

ከከተማ ስትወጡ ነገሩ ይብሳል። ወደ ደባርቅ፣ ከዛም ሊማሊሞን ወርዶ መሄድ፣ በሌላ በኩል ወደ መተማ ቆላውን መውረድ፣ በደቡብ ወደ ባህር ዳር፣ ሦስቱም መንገድ የተለያየ መልክዓ ምድር ነው። ዝቅ ያለው ፍሪኩዌንሲ ማለትም ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ ያለው ቪኤችኤፍ ኮረብታን በመጠኑ ታጥፎ ያልፋል፣ በትንሽ ታወር ሰፊ ቦታ ይሸፍናል። ከ400 ሜጋኸርዝ በላይ ያለው ዩኤችኤፍ ሕንፃ ውስጥ ይሻላል፣ አንቴናውም አጭር ነው፣ ግን ለተራራ ብዙ ታወር ይጠይቃል። አሜሪካኖቹ የሚጠቀሙበት የ700 እና 800 ሜጋኸርዝ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ታወር ይፈልጋል። ታወር ማለት ደግሞ መንገድ፣ ጥበቃ፣ ሶላር፣ ባትሪ ማለት ነው። ቪኤችኤፍ ላይ የማደላው ለዚህ ነው።

አናሎግ

እጅ ላይ ያለው ነገር ስለሆነ አይናቅ። የእጅ ሬዲዮው 5 ዋት ገደማ ነው፣ የመኪናው ከ25 እስከ 50 ዋት፣ ማንም ቴክኒሻን ይጠግነዋል፣ ሲግናል ሲደክም ድምፁ እየሻከረ ስለሚሄድ ሰውየው ሊጠፋበት እንደሆነ ቀድሞ ያውቃል፣ ሁለት እርምጃ ወደ ላይ ወጥቶ ይደግማል። ችግሩ ምንድነው፣ አንድ ቻናል ላይ አንድ ንግግር ብቻ ነው የሚሄደው። አንዱ ሲያወራ ሌላው ይጠብቃል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ከተጫኑ ሁለቱም አይሰሙም። ተራ ስካነር የገዛ ሰው ሁሉ ደግሞ ያዳምጣል፣ የታካሚ ስም በዚህ ላይ መናገር ተገቢ አይደለም።

ያም ሆኖ አዲሱ ሲስተም እስኪመጣ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፣ እስከዛ ድረስ አሁን ባሉት ሬዲዮዎች ላይ አንድ የጋራ ቻናል በሁሉም መሥሪያ ቤት ማስገባት ይቻላል። ሬዲዮዎቹ በአንድ ባንድ ላይ ካሉና ፍሪኩዌንሲው ከተፈቀደ ሥራው ላፕቶፕና የፕሮግራሚንግ ኬብል ነው፣ ትልቅ ግዢ አይጠይቅም። ለሚቀጥለው ጥምቀት የሚደርሰው ይሄ ብቻ ነው።

ዲኤምአር

ይሄ ነው የኔ ምርጫ፣ ስለዚህ በደንብ ልዘርዝረው። ዲኤምአር የአውሮፓ ስታንዳርድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ነው የወጣው። በ12.5 ኪሎኸርዝ ቻናል ውስጥ ጊዜን ለሁለት ከፍሎ ሁለት ንግግር ያስኬዳል፣ ማለትም አናሎግ አንድ ሰው ብቻ ያወራበት በነበረው ቦታ ላይ አሁን ሁለት ግሩፕ ያወራል። ሬዲዮው የሚያሰራጨው በግማሹ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ባትሪም ይቆጥባል፣ የ12 ሰዓት ፈረቃ ለሚቆም ፖሊስ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ቪኤችኤፍም ዩኤችኤፍም ላይ ይገኛል። ሌላው ጥቅሙ አብዛኛው የዲኤምአር ሬዲዮና ሪፒተር አናሎግም ይሠራል፣ ስለዚህ በአንድ ሌሊት ሁሉን መቀየር አያስፈልግም፣ ዘንድሮ ፖሊስ፣ በሚቀጥለው ዓመት እሳት አደጋና አምቡላንስ እያሉ መሄድ ይቻላል።

ቲየር 2 እና ቲየር 3 የሚባሉትን መለየት ግን የግድ ነው፣ ሻጮች ሁለቱንም "ዲኤምአር" ብቻ ብለው ስለሚያልፉት። ቲየር 2 ላይ እያንዳንዱ ግሩፕ የተመደበለት ቻናል አለው፣ ያ ቻናል ከተያዘ ጎረቤቱ ቻናል ባዶ ቢሆንም ይጠብቃል። ቲየር 3 ትራንኪንግ ነው። ባንክ ሄዳችሁ እያንዳንዱ መስኮት የራሱ ሰልፍ ሲኖረውና ሁሉም በአንድ ወረፋ ቁጥር ይዞ ክፍት ወደሆነው መስኮት ሲጠራ ያለውን ልዩነት አስቡ፣ ትራንኪንግ ሁለተኛው ነው። ሲስተሙ ራሱ ክፍት ቻናል ፈልጎ ይሰጣል፣ ለአደጋ ጥሪ ቅድሚያ ይሰጣል፣ መኪናው ከአንዱ ታወር ወደ ሌላው ሲሻገርም ይከተለዋል። ከጎንደር ተነስቶ ደባርቅ ታካሚ ሊያመጣ የሚሄድ አምቡላንስ ሾፌር መንገድ ላይ ቻናል እየቀያየረ መንዳት የለበትም።

ለአንድ ከተማ ብቻ ከሆነ፣ ሁለት ሪፒተርና ጥቂት መቶ ሬዲዮ ከሆነ፣ ቲየር 2 ይበቃል፣ ይረክሳልም። ዞኖቹ ይጨመሩ ከተባለ ግን ቲየር 2 ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፣ ሪፒተር ከሪፒተር ጋር በኔትወርክ የሚያያዝበት መንገድ በየአምራቹ የተለያየ ነው። አንዴ ከአንዱ ከጀመራችሁ ሌላ ታወር ስትጨምሩም ከዛው መግዛት ነው፣ ዋጋውንም እሱ ነው የሚቆርጠው። ቲየር 3 ላይ የእጅ ሬዲዮው ከሌላ አምራች ሲስተም ጋር መሥራቱ የሚፈተንበት አሠራር አለ፣ የዲኤምአር ማኅበር ለተፈተኑት የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ጨረታው ላይ ያን ወረቀት ጠይቁ፣ "ይሠራል" የሚል የቃል መልስ አትቀበሉ።

ድክመቱም ይነገር። ዲጂታል ድምፅ እስከ ሽፋኑ ዳር ድረስ ጥርት ብሎ ይመጣና ድንገት ቁርጥ ይላል፣ አናሎግ ላይ የለመደ ሰው ማስጠንቀቂያ ስለማያገኝ ሥልጠና ይፈልጋል። ሁለተኛ ሁካታ ነው። የከተራ ዕለት ሰው መሀል የቆመ ትራፊክ ፖሊስን አስቡት፣ በግራ እጁ ሕዝቡን እየመለሰ በቀኙ ትከሻው ላይ ያለውን ማይክ ይጫናል፣ ከኋላው ከበሮ፣ ጽናጽል፣ እልልታ፣ የወጣቶቹ ሆታ አለ። ዲጂታል ሬዲዮ የሰው ድምፅ ነው ብሎ የገመተውን ነው ጨምቆ የሚልከው፣ አንዳንዱ ሬዲዮ ጫጫታውን በደንብ ያጠፋል፣ አንዳንዱ ግን ከበሮውንና ሰውየውን አንድ ላይ አሽቶ የማይገባ ነገር ያወጣል። ይሄ በካታሎግ አይታወቅም። ናሙና ሬዲዮ ከየአምራቹ አስመጥታችሁ ከበሮ እየተመታ አጠገቡ ቆማችሁ ሞክሩት፣ ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለው ሰው የሰማውን ይጻፍ።

ቴትራ

ቴትራም የአውሮፓ ነው፣ ከዲኤምአር በፊት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመጣ፣ ለፖሊስና ለአደጋ ሥራ ተብሎ የተሠራ። ፊንላንድ አገሩን በሙሉ በቴትራ ሸፍና ፖሊሱንም እሳት አደጋውንም ጤናውንም አንድ ላይ አስገብታለች፣ እንግሊዝም ኤርዌቭ የሚባለው ሲስተሟ ቴትራ ነው። ጥሪው ቶሎ ይያዛል፣ እንደ ስልክ ሁለት ሰው እኩል ማውራት ይችላል፣ የቁጥጥር ክፍሉ ብዙ ነገር ማዘዝ ይችላል። በ25 ኪሎኸርዝ ውስጥ 4 ንግግር ያስኬዳል ብለው እንደ ትልቅ ብልጫ ያቀርቡታል፣ ግን አስሉት፣ ዲኤምአር በ12.5 ሁለት ነው፣ በ25 ያው አራት። በፍሪኩዌንሲ ቁጠባ እኩል ናቸው።

ለእኛ የሚከብደው ተራራው ላይ ነው። ቴትራ በተለምዶ ከ380 ሜጋኸርዝ በላይ ነው የሚሠራው፣ የእጅ ሬዲዮውም 1 ዋት ገደማ ነው፣ ስለዚህ ብዙ ታወር ተጠጋግቶ መቆም አለበት። በስታንዳርዱ ራሱ አንድ ታወር ከ58 ኪሎሜትር በላይ መድረስ አይችልም፣ በተግባር ደግሞ በእጅ ሬዲዮ ከዛ በጣም ያንሳል። አዲስ አበባ ላይ ቢሆን፣ ብዙ ሺህ ተጠቃሚ በጠባብ ቦታ ላይ ባለበት፣ ቴትራን ነበር የምመርጠው። ለማዕከላዊ፣ ለሰሜንና ለምዕራብ ጎንደር ገጠር ግን ገንዘቡ ታወር ላይ ያልቃል።

ቴትራ ይመጣል ከተባለ አንድ ነገር ሳይጠየቅ እንዳይታለፍ። እ.ኤ.አ. በ2023 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ቲኢኤ1 የሚባለው የቴትራ ሚስጥር መጠበቂያ ሆን ተብሎ እንደተዳከመ አሳይተዋል፣ ባለ 80 ቢት የተባለው ቁልፍ ውስጡ ወደ 32 ቢት ይወርዳል፣ ያን ተራ ኮምፒውተር ይፈታዋል። ቲኢኤ1 ደግሞ ከአውሮፓ ውጪም የሚሸጠው ዓይነት ነው። ስለዚህ "ኢንክሪፕሽን (ሚስጥር መጠበቂያ) አለው" የሚለው መልስ አይበቃም፣ የትኛው ነው ተብሎ ይጠየቅ። ዲኤምአርም ላይ ያው ነው፣ ተራ የሚባለውን መሸፈኛ ሳይሆን ባለ 256 ቢት ኤኢኤስ የሚባለው ጠንካራ ሚስጥር መጠበቂያ ነው የሚፈለገው።

ፒ25

ፒ25 የአሜሪካኖቹ ነው፣ ሚሺጋንም ሚኒሶታም የሚጠቀሙት እሱን ነው። ጠንካራ ስታንዳርድ ነው፣ ግን አንድ የእጅ ሬዲዮ በሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው፣ መለዋወጫውና ባለሙያው እዛ ነው ያለው። የእነሱን አስተዳደር እንማር፣ ዕቃውን ግን እንተወው። በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

በቴሌ ኔትወርክ የሚሠራው

ይሄ በጣም ያጓጓል፣ ለምን እንደሚያጓጓም ይገባኛል። ሲም ካርድ የገባበት ዎኪቶኪ የሚመስል ዕቃ ነው፣ ወይም ስልክ ላይ የሚጫን አፕ፣ ቁልፉን ተጭኖ ማውራት ነው። ታወር አታቆሙም፣ ፍሪኩዌንሲ አታስፈቅዱም፣ ኔትወርክ ካለ ጎንደር ያለው ሰው ባህር ዳር ካለው ጋር ያወራል፣ ካርታ ላይ አምቡላንሱ የት እንደደረሰ ይታያል፣ ፎቶ ይላካል። ለጤና ቢሮ ኃላፊ፣ ለመድኃኒት መኪና፣ ለስብሰባ ጥሪ፣ ለእንዲህ ያለው ሥራ ከሁሉም ይሻላል፣ በሳምንት ውስጥ ይጀመራል።

ግን ዋናው መገናኛ ሊሆን አይገባም፣ በዚህ አልደራደርም። አንደኛ ኔትወርኩ የሁሉም ሰው ነው፣ ጥምቀት ላይ ሕዝቡ ቪዲዮ ሲልክ የአምቡላንሱም ድምፅ ከዛው ጋር ተሰልፎ ነው የሚሄደው። ሁለተኛ ዳታ ሲቋረጥ አብሮ ይቋረጣል፣ በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለረጅም ወራት የሞባይል ዳታ እንዳልነበረ ሁላችንም የኖርንበት ነው፣ በዛን ጊዜ ምጥ የያዛት እናትም ቤቱ የሚቃጠልበት ሰውም ነበር። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆመው ኔትወርክ ከሌለ በዚህ ዕቃ አይነጋገሩም። እውነተኛ ሬዲዮ ግን ሪፒተሩ ቢወድቅም ከእጅ ወደ እጅ በቀጥታ ያወራል። የሚቃጠል ሕንፃ ውስጥ የገባ ሰውና ውጪ ቱቦ የያዘው ጓደኛው የሚነጋገሩበት መንገድ እሱ ነው።

"አሜሪካስ ፈርስትኔት የሚባል የአደጋ ሠራተኞች የሞባይል ኔትወርክ አላት አይደል?" የሚል ይኖራል። አዎ፣ ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ፣ ግንባታውን በ2017 ኤቲኤንድቲ ወሰደው፣ ግን ለአደጋ ሠራተኞች ተብሎ የተለየ 20 ሜጋኸርዝ ተሰጥቶት፣ ሲጨናነቅ እነሱ ቅድሚያ እንዲያገኙ ተደርጎ ነው። ከተራ ሲም ካርድ ጋር አንድ አይደለም። እንደዛም ሆኖ ክልሎቹ የድሮ ሬዲዮአቸውን አልጣሉም። እንግሊዝ ደግሞ ኤርዌቭን በ4ጂ ለመተካት እ.ኤ.አ. በ2015 ውል ፈርማ ሥራው ዓመታት ዘግይቶባታል፣ በገንዘብም በጣም አልፏል። ሬዲዮውንና የስልክ ኔትወርኩን ጌትዌይ በሚባል አገናኝ መሣሪያ ማያያዝ ግን ይቻላል፣ የዲኤምአር ግሩፕ ላይ የሚነገረውን ኃላፊው በስልኩ ይሰማል። ያ ጥሩ ነው፣ ስልኩ ሲጠፋ ሬዲዮው ይቀጥላል።

ሩቅ ላሉ፣ ምንም ታወር ለማይደርስባቸው ወረዳዎች ከቪኤችኤፍም ዝቅ ባለ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ ኤችኤፍ ሬዲዮ አንድ አንድ ቢቀመጥ አይከፋም። ድምፁ አያምርም፣ አንቴናው ትልቅ ነው፣ ግን ከሰማይ ተንጸባርቆ ስለሚመለስ ተራራ አያግደውም።

ማን ያስተዳድረው?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ፕሮጀክት የሚሞተው። ፖሊስ ከያዘው ሌላው እንግድነት ይሰማዋል፣ ከተማ አስተዳደሩ ብቻ ከያዘው ዞኖቹ ይርቃሉ፣ ማንም ካልያዘው ባትሪ የሚቀይር ይጠፋል። እኔ የምደግፈው ሁሉም ተቋም አንድ አንድ ድምፅ ያለው ኮሚቴ ነው፣ ቀይ መስቀልና ሆስፒታሉም ጭምር፣ ከሥሩ ደግሞ ደሞዙ በበጀት የተያዘ ትንሽ የቴክኒክ ቡድን። ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ኢንጂነሪንግ እያስተማረ ነው፣ ተማሪዎቹ ታወሩ ላይ ቢለማመዱ ከተማውም ባለሙያ ያገኛል።

ኮሚቴው ሬዲዮ ከመገዛቱ በፊት በወረቀት የሚጨርሰው ሥራ አለ። ግሩፖቹ ስንት ናቸው፣ የአደጋ ግሩፑን ማን ይከፍታል፣ ማን ይዘጋል፣ እዛ ላይ መጀመሪያ የሚናገረው ማን ነው። ኮድ ይቅር፣ በግልጽ አማርኛ ይነገር፣ አሜሪካም ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ብዙ ተቋም በጋራ ሲሠራ በቁጥር ኮድ ማውራት ይቁም ብላለች፣ የአንዱ ኮድ ለሌላው ሌላ ነገር ስለሆነ። የቦታ ስምም ይስማሙበት። እኛ ጋር አንዱ በድሮ ቀበሌ ቁጥር ይጠራል፣ አንዱ በክፍለ ከተማ፣ አንዱ በቤተክርስቲያኑ፣ ሌላው "ከአውቶብስ ተራው ከፍ ብሎ" ይላል፣ አራቱም አንድ ቦታ ሊሆን ይችላል። አንድ የጋራ የቦታ ዝርዝር በየመኪናው ዳሽቦርድ ላይ ቢለጠፍ ከውድ ሶፍትዌር ይበልጣል። የጥሪ ማዕከሉም ቢሆን የፖሊሱን 991 እና የአምቡላንሱን 907 የሚያነሱት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ባይቀመጡ እንኳ አንድ ግሩፕ ላይ መሆን አለባቸው።

ገንዘቡና ውሉ

ፍሪኩዌንሲ የሚፈቅደው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው። ፈቃዱ ሳይያዝ ዕቃ አይታዘዝ፣ የሪፒተሩ ዱፕሌክሰር (በአንድ አንቴና መላክና መቀበል የሚያስችለው ዕቃ) እና አንቴናው በተፈቀደው ፍሪኩዌንሲ ልክ ነው የሚስተካከሉት፣ ቀድሞ ከመጣ መጋዘን ይቀመጣል።

ዋጋ ስታወዳድሩ የመግዣውን ብቻ አትዩ፣ የ10 ዓመቱን አስሉ። የእጅ ሬዲዮ ባትሪ በሁለት በሦስት ዓመት ይደክማል፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ በኋላ ደግሞ ከውጪ የሚመጣ ነገር ሁሉ በብር ምን ያህል እንደጨመረ ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ መለዋወጫ ባትሪ፣ ቻርጀርና አንድ ሙሉ ትርፍ ሪፒተር ከመጀመሪያው ግዢ ጋር ይምጣ። ታወሩ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። በሪፒተር ቤት ውስጥ ምን እንደሚሞት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ጎኑ ያበጠ ባትሪ፣ ነጭ ዝገት የያዘ ተርሚናል፣ ተቆርጦ የተወሰደ የመሬት ሽቦ። ሽቦው ከሌለ የክረምት መብረቅ ሬዲዮውን በአንድ ምሽት ይጨርሰዋል። መብራት ሲጠፋ ቢያንስ ሁለት ቀን የሚያቆይ ባትሪና ሶላር ይኑር፣ ጄኔሬተር ብቻ ከሆነ ናፍጣ የጠፋ ዕለት ያልቃል።

ውሉ ላይ የፕሮግራሚንግ ሶፍትዌሩ፣ ኬብሉ፣ ፓስወርዱና የኢንክሪፕሽን ቁልፉ የኮሚቴው ንብረት ነው ተብሎ ይጻፍ። ያ ከሌለ አንድ ቻናል ለመጨመር ሻጩን ከአዲስ አበባ እየጠበቃችሁ ነው። ሽፋኑም "ከተማውን ይሸፍናል" ተብሎ አይጻፍ፣ "ወገብ ላይ በታሰረ የእጅ ሬዲዮ፣ ከተመረጡት ቦታዎች 95 በመቶው ላይ ሳይደገም የሚሰማ" ተብሎ ይጻፍ። የመኪና አንቴና ጣራ ላይ ስላለ ከእጅ ሬዲዮው በተሻለ ይሠራል፣ ሻጭ ሲፈትን መኪና ይዞ የሚዞረው ለዚህ ነው። ቦታዎቹን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፣ የሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ የአንገረብ ግድብ ሥር፣ ግንቡ ግቢ ውስጥ ያሉት ወፍራም ግድግዳዎች መሀል፣ ቁስቋም ዳገት፣ አዘዞ ገበያ፣ ደባርቅ መንገድ ላይ ያሉት ኩርባዎች። ፈተናው ሁለቴ ይሁን፣ አንዴ በበጋ አንዴ ሐምሌ ወይ ነሐሴ ላይ ዝናብ እየወረደ፣ ሪፒተሩም ከመብራት ተነቅሎ በባትሪ ብቻ አድሮ፣ የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀውም ከሁለተኛው ፈተና በኋላ ይሁን።